በሻይ ቅጠል ውስጥ የሚኖሩት

ከቁጥቋጦው የተቀነጠሰው የሻይ ቅጠል ላቦራቶሪ እንደደረሰ መጀመሪያ 70 በመቶ አልኮል ውስጥ ይነከራል። ቀጥሎ በረኪና ውስጥ ይገባል፤ ከዚያም በከፍተኛ ሙቀት ከጀርም በጸዳ ውሃ ደጋግሞ ይለቀለቃል። አጥኚዋ የመጨረሻውን የእጥበት ውሃ እንኳ አትደፋውም። ጥቂት ጠብታ ወስዳ ለብቻው በተዘጋጀ የማብቀያ ሳህን ላይ ታንጠባጥባለች፤ ከውሃው ምንም ነገር ካልበቀለ በቅጠሉ ገጽ ላይ ሕይወት ያለው ነገር አልቀረም ማለት ነው። ይህን ካረጋገጠች በኋላ ቅጠሉን በእሳት ባለፈ ምላጭ 5 ሚሊሜትር ገደማ ወደሚሆኑ ቁርጥራጮች ትከፋፍለዋለች። ቁርጥራጮቹን ከድንች መረቅ፣ ከስኳርና አጋር ከሚባል የሚያረጋ ነገር በተሠራ ምግብ ላይ ትደረድርና ሳህኑን ከድና ጨለማ ውስጥ ታስቀምጠዋለች።

በሦስተኛው ወይም በአራተኛው ቀን ከቁርጥራጮቹ ጠርዝ ነጭ ክር ብቅ ይላል። ክሩ የሚወጣው ምላጩ ካለፈበት፣ የቅጠሉ ውስጠኛ ክፍል ከተገለጠበት አፍ ነው። ሳምንት ሲሞላ አንዱ ቁራጭ በነጭ ጸጉራም ሻጋታ ይሸፈናል፤ በላዩም ላይ እርጥብ ጥቁር ነጥቦች ይታያሉ። ሌላው ደግሞ ግራጫ ሆኖ መሃሉ ላይ ብርቱካንማ እርጥበት ያቋጥራል። የመጀመሪያው ፔስታሎቲዮፕሲስ፣ ሁለተኛው ኮሌቶትሪከም የሚባሉት የፈንገስ ወገኖች መልክ ነው፤ ሁለቱም በሻይ ተክል ውስጥ ደጋግመው ይገኛሉ። ቅጠሉ ሲቀነጠስ ግን አረንጓዴ፣ የሚያብረቀርቅ፣ ምንም የሕመም ምልክት የሌለበት ነበር።

እነዚህን የቅጠል ነዋሪዎች ሳይንስ ኢንዶፋይት ይላቸዋል። ስሙን እ.ኤ.አ. በ1866 ያወጣው ጀርመናዊው የፈንገስ ሊቅ ሃይንሪክ አንቶን ደ ባሪ ነው። ከእሱ በኋላ ለረጅም ጊዜ የእጽዋት ሐኪሞች ዓይን ያረፈው ተክልን በሚያሳምሙት ተሕዋስያን ላይ ነበር። ሳያሳምም ዝም ብሎ የሚኖረውን ማን ይፈልገዋል? ዛሬ ግን ተመርምሮ ኢንዶፋይት ያልተገኘበት የእጽዋት ዝርያ የለም ማለት ይቻላል። ስንዴውም፣ ቡናውም፣ የግቢያችን ጽጌረዳም በቅጠሉ፣ በግንዱና በሥሩ ውስጥ ፈንገስና ባክቴሪያ ያኖራል። በበኩሌ በዚህ ርዕስ ላይ ልቤ የተነካው በሻይ ምክንያት ነው። ማለዳ ማለዳ በቅርንፉድና በቀረፋ አፍልተን የምንጠጣው ቅጠል እንዲህ ያለ ኑሮ በውስጡ መያዙን ካወቅሁ ወዲህ፣ የሻይ ማሳን እንደ አንድ ወጥ አረንጓዴ ምንጣፍ ማየት ትቻለሁ።

ሻይ ላይ ሲደርስ ነገሩ የበለጠ የሚደንቅበት ምክንያት አለ። የሻይ ተክል፣ በሳይንሳዊ ስሙ ካሜሊያ ሳይነንሲስ፣ ራሱን በመርዝ የሚጠብቅ ተክል ነው። ከደረቀ ለጋ ቅጠል ክብደት ከ2 እስከ 4 በመቶ ያህሉ ካፌይን ነው፤ ከ20 እስከ 30 በመቶ የሚሆነው ደግሞ ፖሊፌኖል ይባላል፤ ሻይ ሲከር ምላስን ቆንጠጥ የሚያደርገው እሱ ነው። እኛን የሚያነቃን ካፌይን ለነፍሳት መርዝ ነው፤ የብዙ ፈንገሶችንም እድገት ይገታል። ፖሊፌኖል ደግሞ ከፕሮቲን ጋር እየተጣበቀ የባክቴሪያና የሻጋታ ኢንዛይሞችን ሥራ ያስፈታል። በዚህ ላይ ያረጀ የሻይ ቅጠል አሉሚኒየም ያጠራቅማል፤ መጠኑ ከቅጠሉ ደረቅ ክብደት እስከ 3 በመቶ ሊደርስ ይችላል። አብዛኞቹ ሰብሎች ከዚህ እጅግ ያነሰውን እንኳ አይችሉም። የሚስማማው አፈርም አሲዳማ ነው፤ ፒኤቹ ከ4.5 እስከ 5.5 ያህል።

ታዲያ እነዚያ ፈንገሶች በዚህ መርዝ መሃል እንዴት ይኖራሉ? የመልሱ ትልቁ ክፍል ያለው በቅጠሉ አሠራር ውስጥ ነው። ተክሉ ፖሊፌኖሉን የሚያስቀምጠው በየሴሉ ውስጥ ባለ፣ በስስ ሽፋን በታሸገ ከረጢት ነው። ኢንዶፋይቶች በአብዛኛው የሚኖሩት ደግሞ ከሴል ውጭ፣ በሴሎች መካከል ባለው ጠባብ ክፍተት ነው። እዚያ ከተክሉ የሚያፈተልክ ጥቂት ስኳርና አሚኖ አሲድ ያገኛሉ፤ በዝግታ ያድጋሉ፤ ወይም ለወራት ሳያድጉ ይቆያሉ። ግድግዳ ካልሰበሩ መርዙ አይፈስባቸውም። ከሰበሩ ግን ከረጢቱ ይፈነዳል፣ ፖሊፌኖሉ ከቅጠሉ ኢንዛይም ጋር ይገናኛል፣ ከአየር ኦክስጅን ጋር ተዋህዶም ይጠቁራል፤ ሰባሪውም ከነአካባቢው እዚያው ሊሞት ይችላል። ሰላሙ የቆመው በዚህ ፍርሃት ላይ ነው ብል ማጋነን አይሆንብኝም።

በነገራችን ላይ ጥቁር ሻይ የሚሠራው በዚሁ መንገድ ነው። በፋብሪካ ውስጥ ቅጠሉ በማሽን ሲጠቀለልና ሲደቅ ሰዎች ሆን ብለው ከረጢቶቹን ያፈነዳሉ፤ የቅጠሉ የራሱ ኢንዛይም ፖሊፌኖሉን ያጠቁረዋል። ለዚህ ሥራ ረቂቅ ተሕዋስያን አያስፈልጉም። በእርግጥ በተሕዋስያን የሚሠራ ሻይም አለ። በቻይና ዩናን ግዛት ፑኤር የሚባለው ሻይ እ.ኤ.አ. ከ1970ዎቹ መጀመሪያ ጀምሮ እርጥበት ተሰጥቶት፣ ተከምሮ፣ በራሱ ሙቀት ለሳምንታት እንዲብላላ ይደረጋል፤ ዋናው ሠራተኛም አስፐርጊለስ የሚባል የሻጋታ ወገን ነው። በሁናን ግዛት የሚሠራው በጡብ መልክ የተጠቀጠቀ ሻይ ደግሞ ሲሰበር ውስጡ በዓይን የሚታይ ቢጫ ነጠብጣብ አለው፤ ነጠብጣቡ የፈንገስ ፍሬ ሲሆን የጥራት ምልክት ነው። ይህ ግን ቅጠሉ ከተቆረጠ በኋላ የሚሆን ነው። እዚህ የያዝነው በሕይወት ስላለው ቅጠል ነው።

አዲስ ቅጠል ሲወጣ ባዶ ነው ማለት ይቻላል። ነዋሪዎቹ የሚመጡት ከውጭ ነው። በነፋስ የሚንሳፈፍ፣ በዝናብ ጠብታ የሚፈናጠር፣ በነፍሳት እግር የሚጓዝ፣ ስፖር የሚባል የፈንገስ ብናኝ ዘር ቅጠሉ ላይ ያርፋል። ሌሊት ጤዛ ሲወርድ ስፖሩ ያብጥና ቀጭን ቱቦ ያወጣል። አንዳንዱ ቅጠሉ ለመተንፈስ በከፈታቸው ጥቃቅን ቀዳዳዎች ይገባል። ኮሌቶትሪከም ግን የራሱን በር ይሠራል፤ በቱቦው ጫፍ ጠንካራ ጥቁር ጉብታ ያበጅና በውስጡ ከፍተኛ ግፊት አጠራቅሞ የቅጠሉን ሰም ይበሳል። ወዳጅነቱንና ጠላትነቱን የሚለየው እንግዲህ ከገባ በኋላ የሚያደርገው ነው።

ነዋሪው ለቅጠሉ ስለሚሰጠው ጥበቃ ግልጽ የሆነው ማስረጃ የመጣው ከሻይ ሳይሆን ከሌላው የሞቃት አገር መጠጥ፣ ከካካዎ ነው። ኤሊዛቤት አርኖልድና ባልደረቦቿ ፓናማ ውስጥ ያካሄዱትን ሙከራ እ.ኤ.አ. በ2003 አሳትመዋል። የካካዎ ችግኞችን ከፈንገስ ነጻ አድርገው አሳደጉ፤ በአንዳንዶቹ ቅጠሎች ላይ ከጤነኛ ካካዎ ያገኟቸውን ኢንዶፋይቶች ዘሩ፣ ሌሎቹን ባዶ ተዉአቸው። ከዚያ ፋይቶፍቶራ የተባለውን፣ የካካዎ ገበሬ የሚፈራውን በሽታ አመጡባቸው። ነዋሪ የነበራቸው ቅጠሎች ጉዳታቸው ቀነሰ፤ ባዶዎቹ በብዛት ረገፉ። ሁለት ዝርዝሮች በተለይ ልብ ይባሉ። አንደኛ፣ ጥበቃው ነዋሪው ባለበት ቅጠል ላይ ነው የጠነከረው፤ በአንድ ቅጠል የተሰፈረው ፈንገስ የጎረቤቱን ቅጠል ያን ያህል አላዳነም። ሁለተኛ፣ ጥበቃው ከለጋ ይልቅ በጎለመሰ ቅጠል ላይ በረታ።

ይህን ይዘን ወደ ሻይ ማሳ እንመለስ። ለቃሚዎች ከቁጥቋጦው አናት የሚቀነጥሱት ሁለት ቅጠልና አንድ እምቡጥ ነው። በሞቃታማ አገሮች አንድ ማሳ ከ7 እስከ 14 ቀን ባለው ጊዜ ውስጥ ተመልሶ ይለቀማል። ለጋው ቅጠል ብዙ ስፖር ሳያርፍበት፣ ያረፈውም ተደላድሎ ሳይቀመጥ ወደ ቅርጫት ይገባል። ከለቀማው ደረጃ በታች ያለው፣ ጠቆር ያለውና ወፍራሙ ቅጠል ግን እዚያው ይቆያል። ለቁጥቋጦው ፀሐይ የሚይዝለት፣ ምግብ የሚያዘጋጅለት፣ ለወራት ጤዛና ዝናብ እየተቀበለ በነዋሪ የሚሞላው እሱ ነው። እንግዲህ እኛ የምንጠጣው ከተክሉ ሁሉ ነዋሪ ያነሰበትን ክፍል ነው። ያንን ክፍል ያለማቋረጥ የሚያበቅለው ግን በነዋሪ የተሞላው አሮጌ ቅጠል ነው። የሻይ ገበሬ የሚሸጠውን ለጋ ሲያይ የሚኖረውን አሮጌ ካልረሳ፣ ብዙ ነገር ይድንለታል ብዬ አምናለሁ። ለጠጪውም የሚያሰጋ ነገር የለም፤ ቅጠሉ በፋብሪካ በከፍተኛ ሙቀት ይደርቃል፣ ቤት ደርሶም ይፈላል።

የዚህ ኑሮ ከባድ ጥያቄ የነዋሪው ማንነት ነው። ከጤነኛ የሻይ ቅጠል የሚገኘው ኮሌቶትሪከም እና ቅጠልን ቡናማ አድርጎ የሚያቃጥለው ኮሌቶትሪከም ወገናቸው አንድ ነው። ፔስታሎቲዮፕሲስም እንዲሁ፤ ከሰላማዊ ቅርንጫፍ ውስጥ ይወጣል፣ በሌላ ጊዜ ደግሞ የሻይ ቅጠል ላይ ግራጫ ቁስል የሚያወጣው የእሱ ወገን ነው። ታዲያ ወዳጅ ነው ጠላት? ስታንሊ ፍሪማንና ረስቲ ሮድሪጌዝ እ.ኤ.አ. በ1993 ሳይንስ በተባለው መጽሔት ያሳተሙት ሥራ ልዩነቱ ምን ያህል ቀጭን እንደሆነ አሳይቷል። የሐብሐብና የኪያር ችግኝ የሚገድል ኮሌቶትሪከም ወሰዱ፤ በዘረ-መሉ ላይ ለውጥ ካደረሱበት በኋላ አንድ ልዩ ሆኖ የወጣ ዘር አገኙ። ይህ ዘር እንደ አባቱ ተክሉን ይበሳል፣ ይገባል፣ በሥርና በግንዱ ይዛመታል፤ ግን አይገድልም። እንዲያውም እሱ ያለበት ችግኝ ገዳዩ አባት ሲመጣበት ተከላከለ። በገዳይና በጠባቂ መካከል የነበረው ልዩነት በአንድ የዘረ-መል ሥፍራ ላይ የተከሰተ ለውጥ ብቻ ነበር።

ከዚህ በኋላ በሻይ ማሳ ውስጥ "መጥፎ ፈንገስ" እና "ጥሩ ፈንገስ" ብሎ ከፍሎ መናገር ያስቸግራል። ቁጥቋጦው ጠግቦ፣ ውሃ አግኝቶ፣ በልክ ተገርዞ ሲኖር ኮሌቶትሪከሙ ተኝቶ ይከርማል። ድርቅ ሲመታው፣ በረዶ ቅጠሉን ሲበሳው፣ ወይም ከልክ ያለፈ መገረዝ ሲያደክመው የተኛው ይነሣል። በሽታ ከውጭ የመጣ የሚመስለን ብዙ ጊዜ ቤት ውስጥ የነበረው ነው። ያን ጊዜ መጠየቅ ያለበት ቁጥቋጦውን ምን አዳከመው የሚለው ነው።

የኬሚስቶቹ ጉጉት በሌላ አቅጣጫ ነው። ፈንገሱ ከተክሉና ከሌሎች ፈንገሶች ጋር ለመደራደርም ለመዋጋትም ልዩ ልዩ ኬሚካል ይሠራል። የቻይና ተመራማሪዎች በሃንግዡ ከተማ ዳርቻ ከበቀለ ሻይ ቅርንጫፍ ፔስታሎቲዮፕሲስ ፊሲ የተባለ ፈንገስ አውጥተው ለዓመታት አጥንተውታል። ከዚህ አንድ ፈንገስ ቀድሞ የማይታወቁ በርካታ ውህዶች ተገኝተዋል፤ ጥቂቶቹ በላቦራቶሪ ሴሎች ላይ የኤችአይቪን መባዛት የሚገቱ ነበሩ። እ.ኤ.አ. በ2015 የዘረ-መል ሙሉ ንባቡ ሲታተም 52 ሚሊዮን ገደማ ፊደል ርዝመት፣ ከ15,000 በላይ ዘረ-መሎች እንዳሉት ታወቀ፤ ከእነዚህ በርካቶቹ እንዲህ ያሉ ውህዶችን ለመሥራት የተሰለፉ ናቸው። ሻይ ጠጪ ይህን ሰምቶ ሻይ ኤችአይቪን ያድናል ብሎ እንዳይነሣ አደራ እላለሁ። በብልቃጥ የሚሠራ ውህድ ሁሉ መድኃኒት አይሆንም፤ በተፈላ ስኒ ውስጥም አይገኝም።

ጥንቃቄው ከዚህም ይሰፋል። እ.ኤ.አ. በ1993 አሜሪካ ሞንታና ውስጥ ጋሪ ስትሮቤልና ባልደረቦቹ ታክሶል የተባለውን የካንሰር መድኃኒት የሚሠራ ኢንዶፋይት፣ መድኃኒቱ ከሚገኝበት ዛፍ ቅርፊት ውስጥ አገኘን ብለው ዓለምን አነቃቁ። ዛፉን ሳይቆርጡ መድኃኒቱን በበርሜል ማብቀል የሚቻል መሰለ። ከሃያ ዓመት በኋላ ግን ሌሎች ተመራማሪዎች ያንኑ ፈንገስ ደግመው መርምረው መድኃኒቱን ራሱን ችሎ እንደሚሠራ የሚያሳይ ዘረ-መል አላገኙበትም። ተስፋው ትልቅ ሲሆን ማስረጃውም የዚያኑ ያህል መጠንከር አለበት፤ በዚህ መስክ የሚጻፈውን ሁሉ እንዲህ ማንበብ ይገባል።

እስካሁን ከቅጠልና ከቅርንጫፍ አልወረድንም። የስኒው ጣዕም የሚወሰነው ግን በአመዛኙ ከታች፣ በሥሩ ነው።

ጥሩ አረንጓዴ ሻይ ወይም ኡሎንግ የሚባለውን ጥሩ ሻይ የቀመሰ ሰው ከምሬቱ ሥር ለስላሳ፣ የሾርባ ዓይነት ጣፋጭነት ያውቃል። ይህን የሚሰጠው ቲያኒን የሚባል አሚኖ አሲድ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1949 ጃፓናዊው ያጂሮ ሳካቶ ከሻይ ቅጠል ለይቶ አወጣው። በሻይ ውስጥ ካሉት ነጻ አሚኖ አሲዶች ግማሽ ያህሉ እሱ ነው። ተክሉ የሚሠራው በሥሩ ነው። ሥሩ ከአፈር አሞኒየም የተባለውን የናይትሮጅን ዓይነት ይወስዳል፣ ወደ አሚኖ አሲድ ይለውጠዋል፣ ከዚያ ቲያኒን ሠርቶ ወደ ላይ ይልካል። ቅጠሉ ፀሐይ ሲያገኝ ቲያኒኑ እየፈረሰ ወደ መራራው ፖሊፌኖል ይሄዳል። ጃፓኖች ማቻና ግዮኩሮ የሚባሉትን ሻዮች ከለቀማ በፊት ለሳምንታት በጥላ የሚሸፍኑት ይህን ለማዘግየት ነው። በቻይና የጸደይ የመጀመሪያው ለቀማ ውድ የሚሆነውም ክረምቱን በሥር የተጠራቀመው ቲያኒን ወደ አዲሱ ቡቃያ ስለሚፈስ ነው።

ከፉጂያን የግብርናና የደን ዩኒቨርሲቲ የተነሡ ተመራማሪዎች የጠየቁት ይህን ነው፤ ሥሩ አሞኒየሙን በመውሰድና ቲያኒኑን በመሥራት ረገድ ብቻውን ነው ወይስ ረዳት አለው? ሥራቸው እ.ኤ.አ. በ2024 መጀመሪያ ከረንት ባዮሎጂ በተባለው መጽሔት ወጥቷል። የኡሎንግ ሻይ ዝርያዎችን ሰብስበው የሥራቸውን ተሕዋስያን አነጻጸሩ። ቲያኒኑ የበዛው ሮጉዪ የሚባለው ዝርያ በሥሩ የያዘው የባክቴሪያ ስብስብ፣ ቲያኒኑ ካነሰው ማኦሺዬ ከሚባለው ዝርያ የተለየ ሆኖ ተገኘ። በተለይ ናይትሮጅንን ከአንድ መልክ ወደ ሌላ የሚለውጡ ባክቴሪያዎች ላይ ልዩነቱ ጎላ። ከዚያ ከሮጉዪ ሥር 21 የባክቴሪያ ዘሮችን ለይተው አወጡና አንድ ላይ አዋቅረው ለሌሎች የሻይ ችግኞች ሥር ሰጧቸው።

እንጀራዋ ያማረላትን ጎረቤት እርሾ ለምኖ ወደ ራስ ቡሆ መጨመር የማያውቅ ኢትዮጵያዊ የለም፤ ፉጂያኖቹ ያደረጉት በመሠረቱ ይህንኑ ነው። ውጤቱም ታየ፤ ባክቴሪያዎቹን የተቀበሉት ችግኞች ቲያኒናቸው ጨመረ፣ በተለይ አፈሩ ናይትሮጅን ሲያንሰው ልዩነቱ ጎላ። ሻይ ባልሆነ፣ አራቢዶፕሲስ በተባለ የላቦራቶሪ ተክል ላይ ሲሞክሩትም ተክሉ የናይትሮጅን እጥረትን በተሻለ ቻለ።

ይህ ውጤት ለእኔ የጣዕም ጉዳይ ብቻ አይደለም። በእስያ ሻይ አብቃይ አገሮች ጣዕምና ምርት ለመጨመር ማሳው በናይትሮጅን ማዳበሪያ ይጥለቀለቃል። ትርፉ ማዳበሪያ አፈሩን ከሚፈለገው በላይ አሲዳማ ያደርገዋል፣ ከውሃ ጋር ወደ ወንዝ ይወርዳል፣ ወደ አየርም ይተናል። ሥሩ ላይ ባሉት ባክቴሪያዎች እርዳታ በጥቂት ናይትሮጅን ተመሳሳይ ቅጠል ማግኘት ከተቻለ፣ ማዳበሪያ በውጭ ምንዛሪ ለምትገዛ አገር ትርጉሙ ግልጽ ነው። በችግኝ ላይ የታየው ለዓመታት በቆመ ማሳ ላይ ይደገም እንደሆነ ግን ራሱን የቻለ ሥራ ነው፤ በላቦራቶሪ የተደራጀ ቡድን የራሱ ነዋሪ ባለው አፈር ውስጥ ሲገባ ብዙ ጊዜ ይዋጣል።

ወደ አገራችን ሲመጣ ሻይ ከሩቅ የመጣ ተክል ነው። ከፋ ውስጥ ከቦንጋ አቅራቢያ ያለው ውሽውሽ፣ ኢሉባቦር ውስጥ ያለው ጉማሮ፣ ሁለቱም እርጥበት የማይለያቸው ወይና ደጋ ናቸው። ውሽውሽ ላይ የቆመ ሰው ግን አንድ የሚገርም አቀማመጥ ያያል። በአንድ በኩል በልክ የተከረከመ፣ ከወገብ የማያልፍ የሻይ ሰልፍ ይወርዳል፤ ወዲያ ማዶ የአረቢካ ቡና በዱር የሚበቅልበት፣ ዩኔስኮ እ.ኤ.አ. በ2010 የባዮስፌር ጥብቅ ሥፍራ አድርጎ የመዘገበው የከፋ ደን ይጀምራል። የእስያው ተክል ቅጠሉን ለከፋ አየር ዘርግቶ ነው የሚኖረው። ስፖሩ ከአየርና ከዝናብ የሚመጣ ከሆነ፣ የውሽውሽ ሻይ አሮጌ ቅጠል ውስጥ የሚገባው ከዚያው ደን የሚነሣው ነው። ተክሉ የቻይና ወይም የሕንዱ አሳም ግዛት ዘር ቢሆንም ነዋሪዎቹ የከፋ ተወላጆች መሆናቸው አይቀርም።

በዚህ ደን አፈር ላይ አገር በቀል እውቀት አለ። ድሪባ ሙለታና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ2007 ባሳተሙት ጥናት በቦንጋ የተፈጥሮ ቡና ደን ውስጥ፣ ከቡና ጥላ ዛፎች ሥር ያሉትን ማይኮራይዛ የሚባሉ የሥር ፈንገሶች ስፖር ቆጥረዋል። እነዚህ ፈንገሶች በሥር ሴሎች ውስጥ ገብተው ይኖራሉ፤ ክራቸውን ወደ አፈር ዘርግተው ፎስፈረስና ውሃ ያመጣሉ፣ በምላሹ ከተክሉ ስኳር ይወስዳሉ። አስተናጋጃቸውን ብዙም አይመርጡም፤ ከቡና ጋር የሚኖሩት ወገኖች ከሻይ ሥር ጋርም ይወዳጃሉ። እንደኛ ባለ፣ ፎስፈረስን አጥብቆ በሚይዝ ቀይ አሲዳማ አፈር ላይ ይህ ወዳጅነት ትንሽ ነገር አይደለም።

አገራችን ያላት ሌላ ዕድል ከአንድ በሽታ መራቋ ነው። ኤክሶባሲዲየም ቬክሳንስ የተባለው ፈንገስ በሻይ ለጋ ቅጠል ላይ የሚያብጥ፣ እንደ ውሃ ቋጠሮ የሚነፋ ቁስል ያወጣል። በአሳም ከ19ኛው ክፍለ ዘመን ጀምሮ ይታወቃል፤ እ.ኤ.አ. በ1946 ደቡብ ሕንድና ሲሎን ደርሶ የተራራ ማሳዎችን ክፉኛ መታ፤ ገበሬው መዳብ ያለበት ፀረ-ፈንገስ በየለቀማው ዙር መርጨት ግድ ሆነበት። አፍሪካ እስካሁን ከዚህ በሽታ ነጻ ናት። ይህ ፈንገስ የሚያጠቃው ለጋውን ብቻ ነው፤ ማለትም ገና ነዋሪ ያልገባበትን፣ ጠባቂ የሌለውን ቅጠል። በተቃራኒው እሱን ለመከላከል የሚረጨው መዳብ በአሮጌው ቅጠልና በአፈሩ ላይም ይወርዳል፤ ፈንገስን ከፈንገስ አይለይም። ስለዚህ ከእስያ የሻይ ቁራጭ ወይም ችግኝ ሲገባ በለይቶ ማቆያ ጠንክሮ መመርመሩ ተራ ወረቀት አይደለም፤ አንዴ ከገባ ርጭቱ አይቀርም፣ ርጭቱ ደግሞ ጠባቂዎቹንም ይዞ ይሄዳል። እኛ ዘንድ ይህ ርጭት ገና ግዴታ ባልሆነበት ጊዜ፣ የውሽውሽና የጉማሮ ቅጠል ውስጥ እነማን እንዳሉ መመዝገብ አለበት ብዬ አጥብቄ እከራከራለሁ። የሚያስፈልገው መሣሪያ በየትኛውም የግብርና ኮሌጅ ላቦራቶሪ ይገኛል፤ ዝርያቸውን በዘረ-መል መለየቱ ብቻ ነው ወጪ የሚጠይቀው።

ለውጥ ማምጣት የሚቻልበት ትክክለኛው ቦታ ደግሞ የቆመው ማሳ ሳይሆን ችግኝ ጣቢያው ነው። ዛሬ ሻይ በብዛት የሚባዛው በዘር አይደለም፤ ከተመረጠ እናት ቁጥቋጦ ላይ አንድ ቅጠልና አጭር ግንድ ተቆርጦ በፕላስቲክ ከረጢት ውስጥ ይተከላል። ቁራጩ በውስጡ ያሉትን ነዋሪዎች ከእናቱ ይዞ ይመጣል፤ እናቱ በፀረ-ፈንገስ ደጋግማ የተረጨች ከሆነች ጥቂቱን፣ ካልተረጨች ብዙውን። ሥሩ የሚወጣበት የከረጢቱ የላይኛው ክፍል ግን በምሥራቅ አፍሪካ የሻይ ችግኝ ጣቢያዎች ልማድ ሆን ተብሎ ከጥልቅ በተቆፈረ ቀይ አፈር ይሞላል። ምክንያቱም ብስባሽ የበዛበት የላይኛው አፈር አዲሱን ቁስል ያበሰብሰዋል። ልማዱ ትክክል ነው፤ ቁስሉ ከመበስበስ ይድናል። ነገር ግን ጥልቁ አፈር በተሕዋስያን እጅግ ድሃ ነው፤ ችግኙ የሥሩን ሕይወት የሚጀምረው ጓደኛ በሌለበት ነው።

ቁስሉ ከዳነና ሥሩ ከወጣ በኋላ፣ ችግኙ ማሳ ከመውጣቱ በፊት በጥላ ሥር የሚቆይባቸው ወራት አሉ። ከረጢቱ ውስጥ ያለው አፈር ጥቂት ነው፣ ተፎካካሪው ትንሽ ነው፣ ሥሩም ገና ማንንም አልመረጠም። ከጤነኛ አሮጌ የሻይ ማሳ ሥር ወይም ከደኑ የቡና ሥር የተገኙ፣ ተለይተው የታወቁና በሽታ የሌለባቸው ማይኮራይዛና ባክቴሪያዎች ለመስጠት የሚመች ጊዜ ቢኖር እሱ ነው። ግማሹን ረድፍ ሰጥቶ ግማሹን ባዶ መተው፣ ሁለቱንም እኩል ማጠጣት፣ ከዚያ ማሳ ላይ ጎን ለጎን ተክሎ በደረቁ ወራት የትኛው ቅጠሉን እንደሚያረግፍ፣ በዝናቡ ወራት የትኛው ቶሎ እንደሚያቆጠቁጥ መመዝገብ፤ በየዓመቱም የሁለቱንም ለጋ ቅጠል ለይቶ ማድረቅና ለቀማሾች ማቅረብ ይቻላል።